ሄልሜቱን ሳያወልቅ የሚናገረው ሯጭ

(ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ወላጆችና ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ሯጭ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ሯጭ ስላችሁ ልባችሁ ወደ በቆጂ ሄዶ ይሆናል። ይኼኛው ግን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው፤ ስሙም የገነነው እዚሁ ቴክሳስ፣ ከዚህ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል በምትርቀው ኦስቲን ነው። ሪኪ ዊልያምስ ይባላል። ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ሲጫወት ገና አልተወለዳችሁም ወይም ጡት ላይ ነበራችሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ከሱስ ጋር ከሚታገሉ ሰዎች ጋር ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ሳነብ በየሳምንቱ የማያቸውን ልጆች አገኘኋቸው። ራሴንም አገኘሁት። ለዚህ ነው እሱን የመረጥኩት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

በሄልሜቱ ልጀምር። ኒው ኦርሊንስ ነን። ልጁ ለክለቡ አዲስ ነው። ጋዜጠኞች ካሜራና ማይክራፎን ይዘው ከበውታል። ይጠይቁታል፣ ይመልሳል። ግን ሄልሜቱን አላወለቀም። ከፊት ለፊቱ ዓይንን የሚጋርድ ጥቁር መከለያ ተገጥሞበታል። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ የሚያየው ዓይን ነው፤ እዚህ ግን ዓይን የለም። ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ የሚመስል ድምፅ ብቻ ከፕላስቲኩ ውስጥ ይወጣል። ይህ አንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም፤ ደጋግሞ አድርጎታል። ብዙ ሰው እንግዳ ጠባይ ነው፣ ኩራት ነው ብሎ አለፈው። ገንዘብ አግኝቶ ሰው ናቀ ያለም አልጠፋም።

እስቲ ምን ተሸክሞ እንደመጣ እንይ። በ1998 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በአገሩ ላለ የኮሌጅ ተጫዋች ትልቁን ሽልማት፣ የሄይዝማንን ዋንጫ፣ ወሰደ። በአራት ዓመት 6,279 ያርድ ኳስ ታቅፎ ሮጦ የኮሌጆችን ክብረ ወሰን ሰበረ። አንድ ያርድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚጎድለው ነው፤ በየመንገዱ መቶ ኪሎ የሚያልፉ ሰዎች እየተጋጩት የሚሮጥ ሩጫ ነው። በ1999 የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ አሠልጣኝ ማይክ ዲትካ ይህን አንድ ልጅ ለማግኘት ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን ተራ በተራ በሚመርጡበት በዚያ ዓመት ምርጫ ክለቡ የነበረውን ዕድል በሙሉ፣ ከቀጣዩ ዓመትም ሁለት ዕድል ጨምሮ አሳልፎ ሰጠ። አስቡት፤ አንድ ሰው ለመግዛት የዓመቱን መኸር በሙሉ እንደመሸጥ ነው። አንድ ትልቅ የስፖርት መጽሔት ደግሞ ዲትካን ወንድ ሙሽራ፣ ሪኪን የሙሽሪት ነጭ ቀሚስ አልብሶ የፊት ገጹ ላይ አወጣቸው። ልጁ 22 ዓመቱ ነበር። ሰው እንዳያየው የሚፈልገውን ልጅ አገሩ ሁሉ እንዲያየው አደረጉት። በዚያ ዓመት ክለቡ 3 ጨዋታ አሸንፎ በ13ቱ ተሸነፈ፤ አሠልጣኙም ተባረረ።

ሪኪ በኋላ እንደተናገረው፣ በ23 ዓመቱ ሚሊየነር ሆኖ፣ ሁሉ ነገር ኖሮት፣ በሕይወቱ እንደዚያ ያዘነበት ጊዜ አልነበረም። ምን እንደሚሰማው ለወዳጅ ለዘመድ ማስረዳት ስላልቻለ ብቻውን ቀረ። ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፊት የሚሮጥ ሰው እንዴት ሦስት ጋዜጠኛ ይፈራል? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሜዳው ላይ ሥራ አለው። ኳሷ ትሰጠዋለች፣ መስመሩ ይታወቃል፣ ፊቱ ተሸፍኗል። ማንም «አንተ ማነህ?» አይለውም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን የሚታየው እሱ ራሱ ነው፤ ድምፁ፣ ላቡ፣ የሚመርጠው ቃል። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነው። የሚፈራው ሰውን ሳይሆን በሰው ዓይን ተመዝኖ መቅለልን ነው።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ደሴ ነው ያደግሁት። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ማስታጠብ የእኔ ሥራ ነበር። አንድ የዓመት በዓል ቀን፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ቢሆን ነው፣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ፣ ሳህኑን በግራ ይዤ፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሳሎን ገባሁ። ስምንት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው ሰውዬ ጋ ስደርስ ጨዋታቸውን አቁመው ወደ እኔ ያዩ መሰለኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማንቆርቆሪያው ሳህኑን ይነካና ኪል፣ ኪል ይላል። ያ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ውኃው የሰውዬውን ጣት ስቶ ወደ ኮታቸው እጅጌ ገባ። አልተቆጡኝም። ቀና ብለው «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። ያ «አይዞህ» ከአለንጋ በላይ አቃጠለኝ፤ መንቀጥቀጤን አይተዋል ማለት ነዋ። ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ሆዴን ያመኝ ነበር። የውሸት አልነበረም፤ በእውነት ያመኛል። እናቴ ደግሞ ለጎረቤት «የእኔ ልጅ ድምፁ አይሰማም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው» እያለች ታሞግሰኛለች። እናቴን አልወቅስም፤ ምርቃት አድርጋ ነው የምትናገረው።

ሪኪ ሄልሜት ነበረው። እኔ ጨዋነት ነበረኝ። የእኛ ሰው ዝምታን ስለሚያከብር፣ የሚሠቃይ ልጅ ዝምታው ውስጥ ተደብቆ አድጎ ማንም ሳያየው ሊያገባና ሊወልድ ይችላል። አንገቱን የደፋ ሁሉ ታሟል ማለቴ አይደለም። ዓይን አፋርነት በሽታ አይደለም፤ ዓይን አፋር ሆኖ ደስ ብሎት የሚኖር ሞልቷል። ልዩነቱ ያለው ፍርሃቱ ሕይወትን ሲቆርጥ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ እጁን ካላወጣ፣ ምሳውን መጸዳጃ ቤት ተደብቆ ከበላ፣ ስልክ ሲጠራ ከደነገጠ፣ ይህም ወራት ካስቆጠረ፣ ያኔ ሐኪሞች ሶሻል አንዛይቲ የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ማኅበራዊ ጭንቀት ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአፍላ ዕድሜ ነው፤ እኔ ማንቆርቆሪያውን በያዝኩበት ዕድሜ ማለት ነው።

ሕመሙ ራሱን የሚመግብበት መንገድ አለው። ልጁ ሠርግ ቤት መሄድ ፈራ እንበል። «አሞኛል» ብሎ ቀረ። ወዲያው ልቡ ረጋ፤ እፎይ አለ። ያቺ እፎይታ ጣፋጭ ናት፤ አእምሮው ትምህርት ይወስድባታል። «ስትቀር ዳንክ» ትለዋለች። በሚቀጥለው ጊዜ መቅረት ይቀልለዋል፣ መሄድ ይከብደዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓለሙ ወደ አንድ ክፍል ትጠባለች።

ሪኪ ኒው ኦርሊንስ ሳለ ሐኪም ዘንድ ደርሶ የሕመሙ ስም ተነገረው። ስሙን ሲሰማ ትልቅ እፎይታ እንደተሰማው ተናግሯል፤ እብድ እንዳልሆነ አወቀ። ይህን ነገር እኔም ሥራዬ ላይ አይቸዋለሁ። ስም የሌለው ሥቃይ ጥፋት ይመስላል፤ ሰው ራሱን ይረግምበታል። ስም ሲያገኝ ግን መታከም የሚችል ነገር ይሆናል። ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። አንዱ ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ፣ የፈሩትን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ቀስ በቀስ መለማመድ ነው። ሌላው መድኃኒት ነው። ለሪኪ የታዘዘለት ፓክሲል የሚባለው ነበር። በ1999 እዚህ አገር ለዚህ ሕመም የተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ ለውጡ የሚታየውም ከሳምንታት በኋላ ነው። ሪኪ ከዚያ አልፎ ለመድኃኒቱ አምራች ቃል አቀባይ ሆኖ ስለ ሕመሙ በአደባባይ ተናገረ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ጡንቻ በሚመለክበት ስፖርት ውስጥ፣ «ሰው ፊት መቆም እፈራለሁ» ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት። ሄልሜቱን ያወለቀው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2002 ወደ ማያሚ ዶልፊንስ ተዛወረ። በዚያ ዓመት 1,853 ያርድ ሮጦ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት 392 ጊዜ ኳሷን ታቅፎ ሮጠ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለሁላችንም ደስ ባለን።

አላለቀም። መድኃኒቱ አልተስማማውም። በኋላ እንደተናገረው፣ ከፓክሲል ይልቅ ለእሱ የተሻለው ማሪዋና ነበር። ሊጉ ደግሞ በዚያ ዘመን ማሪዋናን ይከለክል፣ ሽንት ይመረምር ነበር። ያኔ አንዴ ከተያዝክ ምርመራው ይበረታል፤ ከደገምክ ቅጣት ትከፍላለህ፤ ከሰለስክ አራት ጨዋታ ትታገዳለህ፤ ከዚያ ወዲያ ዓመት ነበር። ሐምሌ 2004፣ ልምምድ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ 27 ዓመቱ፣ ጉልበቱ ሙሉ፣ «በቃኝ» ብሎ ጫማውን ሰቀለ። ዶልፊንስ በዚያ ዓመት 4 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። ደጋፊው ከሃዲ አለው። ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለክለቡ እንዲመልስም ተወሰነበት። እሱ ግን አውስትራሊያ ሄዶ ድንኳን ውስጥ ኖረ፤ ተመልሶም ካሊፎርኒያ ውስጥ አዩርቬዳ የሚባለውን የሕንዶች ጥንታዊ ሕክምና ተማረ።

ስለ ማሪዋናው ልናገር፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና። ሥራዬ ላይ አንድ ወጣት «ሳጨስ ይሻለኛል» ሲለኝ ዋሸህ አልለውም። ለዚያች ሰዓት እውነቱን ነው። እኛ አዋቂዎች የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ «ምንም አይጠቅምህም» እንለዋለን፣ እሱ ግን እንደጠቀመው በገዛ አካሉ አይቷል። ስለዚህ ቀጥሎ የምንለውን ሁሉ አይሰማንም። እውነቱን ሙሉውን መንገር ይሻላል። ጥቂቱ ያረጋጋ ይሆናል፤ ሲበዛ ግን ያው ዕፅ ራሱ ልብን ያርበደብዳል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው ያሰኛል። አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ሲያቆም በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል፣ ይጨነቃል። ያ ጭንቀት የዕፁ መቅረት ያመጣው ነው። ልጁ ግን «አየህ፣ ያለሱ መኖር አልችልም» ብሎ ይተረጉመዋል። ተመልሶ ያጨሳል፤ እፎይ ይላል። ከሠርግ የቀረው ልጅ ያገኛት እፎይታ ትዝ ትላችኋለች? ያቺው ናት፤ በጭስ ተጠቅልላ የመጣች።

ይህን ለማወቅ ፈረንጅ ዘንድ መሄድም አያስፈልገንም ነበር። ከመካከላችን ጫት ቤት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው በምርቃና ሰዓት ተጫዋች፣ አዋቂ፣ ባለ ራእይ ይሆናል። ምርቃናው ሲወርድ ዝምታው በእጥፍ ይመጣል። እሱን ለመስበር ጨብሲ ይባላል፣ መጠጥ ይከተላል። ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል። ነገ ሰው ፊት ለመቅረብ እንደገና ጫቱን ይፈልጋል። «ያለ ጫት ከሰው ጋር ማውራት አልችልም» ያለኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። ያንን ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ፣ እባካችሁ፣ የሱስ ዓረፍተ ነገር ብቻ አድርጋችሁ አትስሙት። የመጀመሪያው ሕመም እዚያው ውስጥ ተናዟል።

በዚህ አገር ለምንኖር ሌላም ነገር አለ። ማሪዋና በብዙ ስቴቶች ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ዛሬም የተከለከለ ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰው በዚህ ምክንያት የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ሊበላሽበት ይችላል። ጫትም በውስጡ ባለው ካቲኖን በሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር የተነሳ ያው ነው። ልጆቻችን ጓደኞቻቸውን እያዩ «ሁሉም ያጨሳል» ይላሉ፤ የጓደኛቸው ወረቀት እና የእነሱ ወረቀት አንድ እንዳልሆነ የሚነግራቸው የለም። ንገሯቸው።

ወደ ሪኪ ልመለስ። በ2005 ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ አራት ጨዋታ ታገደ። በ2006 ዓመቱን በሙሉ ታግዶ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ሄዶ ተጫወተ። በ2007 መጨረሻ ላይ ተመልሶ በመጀመሪያው ጨዋታ ተጎዳ። አለቀለት ተባለ። በ2009፣ በ32 ዓመቱ፣ በእሱ ቦታ የሚጫወቱት አብዛኞቹ በጡረታ በሚወጡበት ዕድሜ፣ 1,121 ያርድ ሮጠ። በ2011 የውድድር ዘመን ባልቲሞር ሳለ ከ10,000 ያርድ አልፎ በክብር አቆመ። ዛሬም ማሪዋና ጠቅሞኛል ይላል፤ በዚያው የካናቢስ ንግድ ውስጥ ገብቷል። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር አልስማማም። ለእሱ ሠርቶ ይሆናል፤ ለዚህ ሕመም ግን መድኃኒት ነው ብዬ ለልጃችሁ የምሰጥበት ማስረጃ የለኝም። ባልስማማም ግን አከብረዋለሁ፤ ሳይደበቅ ተናግሯልና።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሽንቱን መረመሩት። ምን እንዳጨሰ በጥራት ያውቁ ነበር። ሕመሙን በአደባባይ የነገራቸውን ሰው ቅጣቱ ለምን እንዳጨሰ አልጠየቀውም። ለሊጉ ራሱ ይህ የገባው ዘግይቶ ነው። በ2019 እያንዳንዱ ክለብ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲኖረው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ተስማማ፤ በ2020 ደግሞ በማሪዋና ብቻ ከጨዋታ ማገድ ቀረ። ሪኪ ያኔ አርባን አልፎ ነበር።

ዘመኑ ተለውጧል ወይ ብትሉኝ፣ በግማሽ። በ2021 የቴኒስ ተጫዋቿ ናኦሚ ኦሳካ የፈረንሳይ ውድድር ላይ ጋዜጣዊ መግለጫ አልሰጥም ስትል 15,000 ዶላር ተቀጣች። ከውድድሩም ራሷን አገለለች። ያኔ በጻፈችው መልእክት፣ ሁልጊዜ ጆሮዋ ላይ የምታደርገው ማዳመጫ ሰው ፊት ስትሆን የሚይዛትን ጭንቀት እንደሚያበርድላት ተናገረች። ሳነበው ሄልሜቱ ትዝ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አልፎ፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ስፖርት፣ ያው ልጅ። ኦሳካን ግን ብዙ ሰው ደገፋት፤ በዚያው ክረምት ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒኩን ችቦ የለኮሰችው እሷ ናት። የቤዝቦሉ ዛክ ግሬንኪ ደግሞ በ2006 በዚሁ ሕመም ከቡድኑ ሲለይ ክለቡ ጊዜ ሰጠው፤ ታክሞ ተመለሰ፤ በ2009 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተባለ። ጊዜ መስጠት የሚያመጣውን እዩት።

ወላጆች፣ እንግዳ ፊት «ተናገር እንጂ! ምላስህን ድመት በላው?» አትበሉ። ልጁ ያንን ሰዓት ለሃያ ዓመት ይሸከመዋል። ትንሽ ነገር ስጡት፤ ዛሬ ሱቅ ገብቶ ዳቦ ራሱ ይግዛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለአያቱ ስልክ ይደውል። የፈራውን ሁሉ እናንተ አትሥሩለት፤ አትግፉትም። ጠበሉንም ጸሎቱንም፣ ዱዓውንም አትተዉ፤ ከሐኪሙ ጋር አይጣሉም። የቤተሰብ ሐኪማችሁ ዘንድ ስትሄዱ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ክሊኒኮች በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጃችሁን የራሱ ሕመም አስተርጓሚ አታድርጉት። ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው ካለ ደግሞ 988 ይደወላል፣ ቀንም ሌሊትም።

አሁን የጥያቄ ሰዓት ነው። ማይክራፎኑን አላዞርም። ከየወንበራችሁ ሥር አንድ ወረቀትና እርሳስ አለ። ስም አያስፈልግም። ጻፉና በሩ አጠገብ ካለው ካርቶን ውስጥ ጣሉት፤ እኔ እያወጣሁ አነባለሁ። ምንም የማትጽፉም ብትሆኑ ባዶውን ወረቀት አጥፋችሁ ጣሉት፤ ማን እንደጻፈ እንዳይታወቅ።